የፓራስካ ዘጠነኛው ልጅ

ፓራስካ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የከተማው የበረዶ ሆኪ ቡድን ከሩቅ የሚያመጣቸውን ልጆች ቤቷ አኑራለች። በብርዱ ወራት ታበላለች፣ ታጥባለች፣ ትቆጣለች፤ በረዶው ሲቀልጥ ወደ እናቶቻቸው ትሸኛለች፤ አንዱ ልጅ ሁለት ሦስት ዓመት ይመላለስባታል። የትልልቆቹ ክለቦች ተጫዋች መልማዮች እየመጡ ስለ ልጆቹ ሲጠይቋት መልሷ አንድ ነበር፤ «ወርቅ ነው።» ስምንት ልጅ፣ ስምንት ወርቅ። አንዱም ትልቁ ሊግ አልደረሰም። አንደኛው እንዲያውም የጎረቤት ትራክተር ጉድጓድ ከትቶ ነው የሄደው፤ እሱንም ወርቅ ብላዋለች።

አሁን ዘጠነኛው አለ። ዳርሲ ይባላል፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ተከላካይ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሾርባ ሲጠጣ እስከ ጎረቤት የሚሰማ። ይኼኛው የምር ወርቅ ነው። ግን ከእንግዲህ እሷን ማን ይመናት?

መልማዩ ሎርን የመጣው በመጨረሻው ጨዋታ ነው። ማታ የስም ዝርዝሩን ለክለቡ ይልካል፤ ዳርሲ እዚያ ላይ ከሌለ የአባቱን ከብት ሊጠብቅ መመለሱ ነው። በዕረፍቱ ሰዓት ሎርን የድንች ጥብስ ገዝቶ ሲዞር ፓራስካ ፊቱ ተገትራለች።

«ዳርሲን ጻፍከው?»

«እማማ ፓራስካ፣ እግሩ ይዘገያል። ደግሞ ዛሬ ምንም ሲያደርግ አላየሁትም።»

«ተከላካይ ምን እንዲያደርግልህ ነው የፈለግከው፣ ይዝፈን?»

ሎርን ሳቀ። «ይኼም ወርቅ ነው ሊሉኝ ነዋ።»

ፊቷ ጋለ። ሴትዮዋ በዕድሜዋ አጠፋሁ ብላ አታውቅም፤ ባሏ ሲሞት እንኳ የተቆጣችው ሟቹን ነው። አሁን ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ስምንቱ ወርቅ አልነበሩም። እያወቅሁ ነው የዋሸሁህ፤ ያበላሁትን ልጅ እንዴት ልማው? ይኼኛው እግሩ ከባድ ነው፣ እልኸኛ ነው፣ ጠዋት ብርድ ልብሱን ካልገፈፍኩት አይነሳም። አሁን ና፣ ከእኔ ጋር ጥግ ላይ ቁም። ኳሷን ተዋት፤ አንገቱን ብቻ እይ።»

ቆሙ። ጨዋታው ሲቀጥል ጠፍጣፋዋ የሆኪ ኳስ በዱላ ተመትታ ወደ ጥግ ተንሸራተተች፤ ዳርሲ ተከተላት። ሳይደርስባት በግራ ትከሻው ዞሮ አየ፤ ደግሞ በቀኝ። ሁለት አጥቂዎች ተንደርድረው መጡበት። ኳሷን እንደነካ በመካከላቸው አሾልኮ ለጓደኛው ሰጠ፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተላተሙ። አንድም ሰው አላጨበጨበም።

ሎርን ድንቹ እጁ ላይ እስኪቀዘቅዝ ቆሞ አየ። ልጁ ስድስት ጊዜ እንዲሁ አደረገ። በሰባተኛው ደብተሩን አወጣ።

«ማን አስተማረው?»

«አባቱ ኮርማ ያረባል። እዚያ በረት ውስጥ ኋላውን ሳያይ የሚሄድ ልጅ ሳያድግ ይቀራል።»

«ከዝርዝሩ ታች አካባቢ ነው የማስገባው።»

«ከታችም ይሁን፣ ጻፍ።»

እሷ ቆማ እጁን እያየች ሎርን ጻፈ።

ዳርሲ ጸጉሩ እንደረጠበ ከመልበሻ ክፍል ወጣ። «እማማ፣ ሰውዬው ምን አለ?»

«ስምህን ጽፏል። እግሩ ከባድ ነው አለ፤ እኔም አዎ አልኩት።»

ልጁ ቦርሳውን እንደተሸከመ ደርቆ ቀረ።

«ምን ይገትርሃል? መኪናው ሳይቀዘቅዝ ና» ብላ ቀድማው ወጣች፤ መኪናው ጋ እስኪደርሱም ፊቷን ወደ እሱ አላዞረችም።