ዝግባ ማርያም ስንት ሰው አላት

አማቴን አባ ክንፈሚካኤልን ቃሬዛው ሥር ገብተው ሳያቸው ደሜ ፈላ። ቃሬዛው ላይ የተኛችው ልጃቸው ናት፤ የእኔ ሚስት ሜላት። ምጥ እንደያዛት አድራ ደም እየፈሰሳት ነው። እኛ ደግሞ የሐምሌን ጭቃ እያቦካን ወደ ቡሬ እንወርዳለን።

መኪና አይገባም፤ መንገድ የለማ። መንገድ ያጣነው ደግሞ በእኒሁ በአማቴ ነው። ማንም ቢሰማኝ ግድ የለኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመንገድ ሥራ ሰዎች መጥተው ነበር። ጠጠሩንና ድልድዩን ሰው ለሚበዛበት መንደር እናስቀድማለን ብለው በየቤቱ ሰው ጻፉ። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ አባ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው፣ «ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሰፍት ወረደበት። ልጅና ከብት አይቆጠርም» አሉ። አገሩ ሁሉ ልጁን፣ ጎረምሳውን ሳይቀር፣ ደበቀ። ጎረቤቴ እጅጉ ቤት ሙሉ ልጅ ይዞ «ሁለት» አለ። እኔ እውነቱን ልናገር ስል አባ ከበራፌ ቆመው «አንድ አለችው» ብለው መለሱልኝ። ዝግባ ማርያም በወረቀት ላይ የጥቂት ሽማግሌዎች መንደር ሆነች፤ መንገዱም ከማዶ ላሉት ሄደ። እነሱ ዛሬ ባጃጅ ከደጃቸው ይሳፈራሉ።

ዛሬ ለቃሬዛው ጥሩንባ ሲነፋ ግን የተደበቀው ሁሉ ወጣ። በእኛ አገር ቃሬዛ ሲጠራ የሚቀር ወንድ የለም፤ የቀረውን ዕድራችን፣ ቅሬው፣ ይቀጣዋል። ትከሻ ለመቀየር የሚከተለው ሰው ቁልቁለቱን ሞልቶታል።

«የቆጠራው ዕለት የት ነበራችሁ?» አልኳቸው።

«ዝም ብለህ ተሸከም» አለኝ እጅጉ።

«ስንሸከም ልንኖር ነው?»

አባ ከፊቴ እያለከለኩ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ጸሎታቸውም አናደደኝ።

ወንዙ ሞልቷል። ቃሬዛውን ከራሳችን በላይ አንሥተን እስከ ደረታችን እየጠለቅን ተሻገርን። ስልክ የደወልኩለት ባለባጃጁ ሙንዲር ከማዶ ይጠብቀናል። ጃኬቱን አውልቆ ሜላትን አለበሳትና «አይዞሽ እኅቴ» አላት። አባና እኔ ባጃጁ ውስጥ ግራና ቀኝ ደግፈናት ቡሬ ገባን።

ጤና ጣቢያ አዋላጇ እጇን እየታጠበች «ስንተኛ ልጇ ነው?» ስትል ጠየቀች።

አባ ቀደሙኝ። «አንድ አለቻት» አሉ።

እዚያም! ልጃቸው ደሟ እየፈሰሰ! ክንዳቸውን ይዤ ልጎትታቸው ስል ሜላት ከአልጋው ቀና አለች።

«ስድስተኛዬ ነው» አለች። «ሁለቱ መንገድ ላይ ነው የሞቱ።»

አዋላጇ አባን አንድ ጊዜ አይታ ሜላትን ወደ ውስጥ አስገባቻት።

ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እስከዚያ ድረስ አማቴን ቀና ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም።

«ልጅ ከተቆጠረ ይሞታል አሉን» አልኳቸው። «የሞቱትን ማን ቆጥሯቸው ነው የሞቱት? ይንገሩኝ እንጂ አባ። ስንት ጉድጓድ እንዳስቆፈሩ ያውቃሉ?»

መስቀላቸውን ጨብጠው መሬት መሬቱን ያያሉ። ያዝንልኛል ብለው ከሆነ ተሳስተዋል፤ አላዘንኩላቸውም።

ፀሐይ ከፍ ስትል አዋላጇ ወጣች። «እናትም ልጅም ደኅና ናቸው» አለች። «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ግን እናትየዋን አናገኛትም ነበር።»

አባ አማተቡ። ከዚያ «ላቀው» አሉኝ፣ «አሁን ልጆችህ ስንት ሆኑ?»

«አራት።»

«ስድስት ናቸው» አሉ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። «የመንገድ ሥራው ሰዎች ቢሮ የት ነው? እኔው ራሴ ዋሽቻለሁ ልበላቸው።»

መንገዱን ላሳያቸው ተነሣሁ። ይቅር ግን አላልኳቸውም።