የከሰዓት ሴትዮ

በዚህ በሰው አገር ከተማ፣ ከሙየንጋ ሰፈር እስከ ንቲንዳ ሰፈር እናቷን እንደ እኔ ያገለገለች ልጅ ካለች ትምጣ፣ እንተያያለን። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ለለቀስተኛው ንፍሮ እያዞርኩ የእትዬ አለምዘውድን ሹክሹክታ ስሰማ ሰፌዱን መሬት ላይ ዱብ ያደረግኩት ለዚህ ነው።

«ነፍሷን ይማርና፣ ቤርሳቤህ እኮ የከሰዓት ሴትዮ ነበረች» ይላሉ አጠገባቸው ላለችው። «ሰው ሲሞት የእድሩ ሴት ሁሉ ከንጋት ጀምሮ ሽንኩርት ስንከትፍ፣ እሷ ወጡ ከወጣ በኋላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከች! እጇን እንኳ ለሰላምታ አትሰጥም።»

ቤርሳቤህ እናቴ ናት። ሐኪሙ ሕመሟን «ሩማቶይድ አርትራይተስ» ይለው ነበር፤ እትዬ አለምዘውድ «ኩራት» ይሉታል።

ጠዋት ጠዋት እማዬ እንጨት ነበረች። ጣቶቿ አብጠው አይታጠፉም፤ ብርድ ልብሱ ራሱ ይከብዳታል። የቀሚሷን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ፣ ፀጉሯን የማበጥርላት እኔ፣ የጥርስ ሳሙናውን የምከፍትላት እኔ። ራሷ ልትሞክር ስትታገል «ተይ እማዬ፣ እኔ ፈጠን ብዬ ላድርገው» እላታለሁ። ፀሐይ ከፍ ስትል መገጣጠሚያዋ ቀስ በቀስ ይላቀቃል። ምሳ ካለፈ በኋላ ጤነኛ ትመስላለች። ሰው የሚያያት ደግሞ ያኔ ነው።

«እትዬ አለምዘውድ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እጇን የማትሰጥዎ እኮ እርስዎ ሲጨብጡ እንደ እርጥብ ልብስ ስለሚጨምቁ ነው። ባለፈው ፋሲካ ጨብጠዋት ቤት ገብታ አልቅሳለች።»

«አንቺ! በእናትሽ ለቅሶ ላይ?»

«የት ልናገር ታዲያ? የሚያሟት እዚሁ አይደል!»

አንዷ ቀሚሴን ጎተተችኝ፤ አስለቀቅኳት።

«ብትነግረን ምን ነበረበት?» አሉ እትዬ አለምዘውድ። «እኛ ጠንቋይ ነን እንዴ?»

«ነግራዎታለች! ‹ቁርጥማት አለብኝ› ስትልዎት ‹ማን የሌለበት አለ፣ ዝንጅብል ጠጪ› አሏት። በማንኪያ ስትበላ ‹ፈረንጅ ሆነች› ብላችሁ ሳቃችሁ። እንጀራ መቁረስ አቅቷት ነበር! ጣቷ አልገጥም ብሏት ነበር!»

ድምፄ ተሰበረ፤ ተናደድኩበት። ላለማልቀስ ስል ጨመርኩበት።

«ሰነፍ አይደለችም። ቤታችን ውስጥ ሁሉን የምሠራው እኔ ነኝ። ማሰሮ አላስነሳኋትም፣ ቢላ አላስያዝኳትም፣ ብርጭቆ እንኳ አላስነካኋትም! ማን እንደኔ?»

እትዬ አለምዘውድ የሳሎኑን ምንጣፍ ማየት ጀመሩ። አሸነፍኩ። የእማዬ ስም ተመለሰ ብዬ ንፍሮውን ልለቅም ጎንበስ አልኩ።

«ጎመን ትቀነጥስልኝ ነበር» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ በኩል።

ሙህሲና ናት፤ ከቤታችን ቁልቁል ትንሽ ምግብ ቤት ያላት። ትልቅ ድስት በጨርቅ ይዛ ቆማለች።

«ማን?» አልኩ።

«እናትሽ። ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች። አንድ እስር ስትጨርስ ዝናቡ መጥቶ ይሄዳል። ግን ትጨርሰዋለች፤ ስትጨርስ ደግሞ ትስቃለች።»

እማዬ ስትስቅ መቼ ነው ያየኋት? ማስታወስ አቃተኝ፤ ያም አናደደኝ።

«ውሸት!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ብርጭቆ ያላስነካኋት ሴትዮ፣ አንቺ ጎመን ታስቀነጥሻታለሽ? ታማሚ ሴትዮ?»

ሙህሲና ድስቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። በጨርቁ እጇን ጠረገች፣ ከዚያ ዝቅ ብላ እጄ ላይ የተጣበቀውን ስንዴ አራገፈችልኝ።

«ስለማታስነኪያት ነዋ! ‹ልጄ ሁሉን ከእጄ ትነጥቀኛለች፣ አንቺ ጋ ልንቀራፈፍ› ብላኝ ነው የመጣችው። በይ አሁን አፍሽን ዝጊና ጭልፋ አምጪ።»