እጅ ያወራበት ዘመን

ድርቄ ወሬውን የሰማችው ከባለሱቁ ነው። «ጓደኛሽን ወፍጮን እኮ ልጇ ልትወስዳት ነው፤ እሑድ ይሄዳሉ» አላት ሳሙና እየጠቀለለ። ድርቄ ሳሙናውን እዚያው ትታ ወጣች። ሁለት ቀን በአውቶቡስ የሚያስኬድ አገር። ሰው ሳይጠየቅ እንደ ቁም ሳጥን ይጫናል እንዴ?

መንገዷ በድሮው ፋብሪካ አጥር ሥር ነው። አሁን የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። እሷ ግን ባለፈች ቁጥር የማሽኖቹ ጩኸት ጆሮዋ ውስጥ ይነሳባታል። እሷና ወፍጮ ሽመና ክፍሉ የገቡት በዐሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። መቶ ሃያ ማሽን ባንዴ ሲንገጫገጭ ሰው የራሱን ሳል እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ሴቶቹ በእጅና በከንፈር ያወሩ ነበር። ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራቸውም፤ ከታላላቆቻቸው እያዩ ለመዱት። ጆሮን ሳብ ማድረግ «ካቦው መጣ» ነው፤ ጆሮው ሰፊ ነበራ። ጥርስን በጥፍር መምታት «ውሸትሽን ነው»። ነገር በዓይን ይገባል የሚባለው እዚያ ክፍል ውስጥ እውነት ነበር።

የዚያ ቋንቋ ባለቤት ወፍጮ ነበረች። ስሙ የወጣላት ወሬ ስትፈጭ ስለምትውል ነው። አንድ እጇ የተበጠሰ ክር ይቀጥላል፣ ሌላው የሰው ገመና ይበትናል። አንዴ ካቦውን ከኋላ እየተከተለች አካሄዱን ስታሳይ፣ ከዳር እስከ ዳር የቆመው ሴት ሁሉ ሆዱን ይዞ ተደፋ። ሰውየው ዘወር ሲል ወፍጮ ጎንበስ ብላ ወለል ትጠርጋለች። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልያዛትም።

ድርቄ ደግሞ ከክፍሉ ውጭ፣ ሰው ፊት ቃል የማይወጣት ነበረች። እናቷ እንኳ «ይቺ ልጅ አፏን የት ጣለችው?» ይሉ ነበር። ከወፍጮ ፊት ለፊት ማሽኗ ላይ ስትቆም ግን ተረበኛ ሆና አረፈችው። ቀልድ እንደምታውቅ ያወቀችው በወፍጮ ሳቅ ነው። ያ ሳቅ ባይኖር እስከ ዛሬም ራሷን ዝምተኛ ነኝ ብላ ትኖር ነበር።

ፋብሪካው ተዘጋ፤ ወሬው ግን አልተዘጋም። ክሊኒክ ወረፋ ሲይዙ አንዷ ወዲያ ሌላዋ ወዲህ ተቀምጠው፣ መሀላቸው ያለውን ሕዝብ እያዩ በእጃቸው ያሙታል። ሰዉም «ምስኪኖች፣ መስማት የተሳናቸው ናቸው» ብሎ ወንበር ይለቅላቸዋል።

ኋላ የወፍጮ ጉሮሮ ታመመ። ሐኪሞቹ ማንቁርቷን አወጡት፤ ነፍሷ ተረፈች፣ ድምጿ ቀረ። ድርቄ በመጀመሪያው ቀን ከአልጋው ግርጌ ቆማ በእጇ «አለሁልሽ» ብትላት፣ ወፍጮ ሁለት እጇን ብርድ ልብስ ውስጥ ከታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ይኸው አራት ወር እንደዚያው ናት። ልጇ ደብተር ገዝታላት ነበር፤ ወፍጮ ግን ከፊደል የምታውቀው ለደሞዝ ትፈርም የነበረውን ያህል ነው። ላናገራት ሁሉ ራሷን በእሺታ ትነቀንቃለች። በላሽ? ትነቀንቃለች። ራበሽ? ያው ትነቀንቃለች።

«ግቢ እትዬ» አለች ልጅቷ በሩን ከፍታ። ግማሹ ዕቃ ካርቶን ገብቷል። ወፍጮ አንገቷ ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ አድርጋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች።

«የምሰማው እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ጠይቄያት እሺ አለችኝ።»

«በምን አፏ?»

«ራሷን ነቀነቀችልኛ።»

«እሱማ ለዝናቡም ትነቀንቃለች። ቆይ ላሳይሽ። አንቺ ወፍጮ፣ ካቦው ሊያገባሽ ሽማግሌ ልኳል፤ ትወጃለሽ?»

ወፍጮ ነቀነቀች።

«ይኸውልሽ» አለች ድርቄ። «መልካም ጋብቻ።»

ልጅቷ ሳቋ መጥቶ መልሳ ዋጠችው። ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች። «ታዲያ ምን ላድርግ እትዬ? በግድ አልወስዳትም። አልሄድም ካለች ዕቃውን እፈታለሁ፣ አንቺ ጋ ትሁን። ብቻ አንቺ ጠይቂያትና ያለችውን ንገሪኝ።»

ድርቄ የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ሄዳ ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። ወፍጮ ልትይዘው ስትል እጆቿ ተጋለጡ፤ ከስተዋል። ድርቄ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ፣ በማሽኖቹ መሀል በነበረው ርቀት ልክ ቆመችና ድምፅ ሳታወጣ ጀመረች። «አትሂጂ። እኔ ቤት ነይ። እስክንሞት ሰው እያማን እንኖራለን።»

ከዚያ የወፍጮ ቀኝ እጅ ተነሳ፤ ብዙ ቀን ቆሞ እንደ ሰነበተ ማሽን መጀመሪያ ዘገየ፣ ኋላ ፈጠነ። ልጅቷ አፏን ከፍታ ታያለች።

«እሄዳለሁ» አለች ወፍጮ። «እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚፈልገው የድሮዋን ወፍጮ ነው። ሲያጣት ዓይኑ ዕንባ ያቀርራል፤ እኔም ዓይኑ ውስጥ ሬሳዬን አያለሁ። አንቺም እንደዚያው ነው የምታዪኝ። እዚያ ድምፄን የሰማ የለም። ስገባ የማትናገር ሴትዮ ነኝ፣ በቃ። የጎደለኝን የማያውቅ ሰው አያዝንልኝም።»

ድርቄ በመጣች ቁጥር በር ላይ ዕንባዋን ጠርጋ ትገባ የነበረው ወፍጮ የማታውቅባት መስሏት ነው።

«ምን አለች?» አለች ልጅቷ።

«አልሄድም አለች» ብትል በቃ ነው፤ ካርቶኑ ይፈታል። ወፍጮ ሰምታ ራሷን ብትወዘውዝስ ማን ያምናታል? የወፍጮ ራስ መነቅነቅ ምንም እንደማይናገር አሁን በቀልድ ያስመሰከረችው ራሷ ድርቄ ናት። ወፍጮም ይህን ታውቃለች። ዓይኗን ተክላ ትጠብቃለች።

ድርቄ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«እሄዳለሁ ነው ያለችው። በደንብ አድርጋ ነው ያለችው።»

ልጅቷ እናቷን አየች፣ ድርቄን አየች። «እዚያ ግን ማን ያናግራታል? እኔ ይሄን አላውቅም።»

«እሑድ ስንት ቀን ቀረው?»

«አራት።»

«እኛ ስድስት ወር ፈጅቶብናል። ግን እኛን ካቦ ይጠብቀን ነበር። ተነሺ፣ እዚህ ቁሚ። አፍሽን ዝጊ፤ አፍ ሲያወራ እጅ ይሰንፋል።»

ከውሃ ጀመሩ። ልጅቷ አበላሸች። ወፍጮ ጣቶቿን ይዛ አንድ በአንድ አስተካከለችላት፤ አሁንም አበላሸች። ወፍጮ ወደ ድርቄ ዞር ብላ ሁለት ጊዜ እጇን አወራጨች፤ ድርቄ በሳቅ ፈነዳች።

«ምን አለች?» አለች ልጅቷ።

«እስከ እሑድ ራስሽ ትደርሺበታለሽ» አለች ድርቄ። «በይ ድገሚ።»