ከሐኪሙ ፊት ያለው ወንበር

«ደም ግፊት የለካው እኮ የሪሐናን ነው!» አሉ እትዬ ሰሊማ። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጥቶባቸው በሻርፓቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች መጀመሪያ ተያዩ፤ ከዚያ አንዷ አላስችል ብሏት ስትስቅ ሁሉም ተከተሏት። በዐረብ አገር፣ ጀበል አል-ሁሴን ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለችው አንድ ክፍል ቤት ኮሮና ከገባ ወዲህ ይህን ያህል ሰው አስተናግዳ አታውቅም። መስኮቱ ተከፍቷል፤ ማስኩ ሁሉ አገጭ ላይ ወርዷል፤ በየእጁ የወረቀት ስኒ አለ። የአገሩ ሰዎች ለቅሶ የሚቀመጡት ስኳር በሌለው ቡናና በተምር ነው፤ አበሾቹም እየኖሩ ለምደውታል።

«ታማሚዋ እኔ ነኝ» ቀጠሉ እትዬ ሰሊማ። «ጉልበቴን ይዤ ከኋላ ቆሜያለሁ። እሷ ከሐኪሙ ፊት ካለው ወንበር ላይ ጉብ ብላ ስለ እኔ እንደ ጠበቃ ትከራከራለች። ሰውየው ሆዬ ክንዷን ያዘና ለካት። ‹አንቺ ደህና ነሽ› ሲላት ‹አውቃለሁ ዶክቶር፣ የታመመችው ይቺ ናት!› አለችው።»

ሙፊዳ ብቻ አልሳቀችም። የሪሐና የአክስት ልጅ ናት፤ ከወሎ ያመጣቻት፣ ሥራ ያስገባቻት፣ በዚህች ክፍል አንድ ፍራሽ ያካፈለቻት ሪሐና ነበረች። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሲገባ ወደ እሷ ነው የሚዞረው። ድሮ ቢሆን አቅፈው ያለቅሷት ነበር፤ አሁን ከበሩ ላይ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አላህ ያጽናሽ» ይላሉ። እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አሚን» ትላለች። ታዲያ እጇን ባሳረፈች ቁጥር መዳፏ ግራ ጡቷ ላይ ያለችውን ጠጣር ነገር ያገኛታል። በቀሚሱ ላይ እንኳ ትታወቃለች።

ይህችን ነገር ከሐኪሙ በቀር የሚያውቁት እሷና ሪሐና ብቻ ነበሩ። ሪሐና በኮሮና ሞታ ሆስፒታሉ ራሱ ከፍኗት፣ ሰው ሳያጅባት ሰሐብ በሚባለው መቃብር ተቀበረች።

ነገ የሙፊዳ ቀጠሮ ነው። ነገ ደግሞ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ዱዓ ይደረጋል፣ ሰው ይመጣል፣ ሐዘንተኛ ቤቱን ጥሎ አይወጣም። በዚያ ላይ ክሊኒኩ በኮሮና ምክንያት አጃቢ አያስገባም፤ የሙፊዳ ዐረብኛ ደግሞ ከማጀት የማያልፍ ነው። ላለመሄድ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ከየት ይገኛል? ሙፊዳ ምክንያቱን ወዳዋለች።

ያን ጊዜ ከሪሐና ጋር ወደ ክሊኒኩ የሄዱት ከዒድ በፊት ነበር፤ አጃቢ ገና አልተከለከለም። ሪሐና እንደ ልማዷ ወንበሩን ያዘች፣ ሙፊዳ ከኋላዋ ቆመች። «ሰድርሃ!» አለች ሪሐና፣ ጡቷን ነው፣ ኮሪደር ላይ ያሉት ወንዶች እስኪሰሙ። ሙፊዳ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል ከወር አበባ ጋር የሚመጣ ነገር ይሆናል አለ። ይህን ጊዜ ሪሐና ጠረጴዛውን በጣቷ ሁለቴ ቆረቆረችው።

«ዶክቶር፣ ሴትዮዋ ኮምፒውተሩ ውስጥ የለችም። እዚህ ናት።»

ሰውየው ቀና አለ። ሙፊዳን አያት፣ ጠየቃት፣ እብጠቱ ካልጠፋ በቀጠሮዋ ትምጣና የራጅ ፎቶ ትነሣለች አለ።

«ለአገር ምድሩ አሰማሽብኝ» አለቻት ሙፊዳ ሲመለሱ፣ ሰርቪስ ታክሲ ውስጥ ተኮራምታ።

«ታዲያ ለምን ሄድን? ዝም ለማለትማ ቤታችን ይሻል ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ጽጌ መጣች። ጽጌ ጴንጤ ናት፤ ዴር ግባር ሰፈር፣ ከሪሐና መዳም ቤት በላይ ባለው ፎቅ ትሠራለች። ሰዓት እላፊው ሲጠብቅ መዳሟ ሪሐናን «እዚሁ እደሪ» ስላለቻት፣ ስትታመም አጠገቧ የነበረች አበሻ ጽጌ ብቻ ናት። ሪሐና ለሙፊዳ በስልክ የነገረቻት «ትንሽ ጉንፋን ናት» ብላ ነበር።

«ጌታ ያጽናናችሁ» አለች ጽጌ፤ ቡናውንም ሳትቀምስ ሙፊዳን በዓይኗ ጠቅሳ ወደ ማጀቷ ወሰደቻት። ማጀት ማለት ከመጋረጃ ጀርባ ያለችው ምድጃ ናት።

«የምነግርሽ ነገር አለ፤ እንዳትቀየሚኝ። ሆስፒታል ስትሄድ አብሬ ነበርኩ። መዳሟ መንካት ፈርታ እኔን ጠራችኝ፣ ደግፌ አወረድኳት።»

«እና ምን አሉ?»

«ሐኪሙ ‹ከመቼ ጀምሮ ነው?› አለ። መዳሟ ‹ከትናንት› አለች።»

«ከትናንት? ሳምንት አልፏት የለም እንዴ!»

«አልፏታል። ግን ሳምንት ሙሉ እየሳለች የመዳሟን እናት ስታበላ፣ ስታጥብ ነው የከረመችው። ያን ከተናገረች አሮጊቷን ልትገድል ነው ይሏታል፣ በዚያው ትባረራለች። ሐኪሙ የሚያየው መዳሟን ነው፣ የሚጠይቀው መዳሟን ነው። እኔ አሁን ትናገራለች፣ አሁን ጠረጴዛውን ትመታለች እያልኩ ጣቷን አይ ነበር።» «ጣቷ ከጭኗ ላይ አልተነሣም፣ ሙፊ። ፓናዶል ሰጥተው መለሷት። ብሶባት እንደገና ሆስፒታል ስትገባ ጊዜው አልፎ ነበር።»

ሙፊዳ ምድጃው ጫፍ ላይ ተደገፈች። ማልቀስ ነበረባት፤ የመጣባት ግን ንዴት ነው። በሞተ ሰው መናደድ ነውር መሆኑን ታውቃለች፣ ቢሆንም ተናደደች። ለእትዬ ሰሊማ ጉልበት የምትከራከር፣ ለእሷ ጡት ጠረጴዛ የምትደበድብ ሴት ለገዛ ትንፋሿ አንድ ቃል አጣች? ከዚያ ንዴቱ ዞረና ወደ ራሷ መጣ። ሪሐናስ የፈራችው ነገር ነበራት። እሷ የሰበሰበችው ምክንያት ግን ምንድን ነው? ሟቿን መደበቂያ ልታደርጋት ነበር።

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«እትዬ ሰሊማ፣ ነገ ዱዓው ላይ አልኖርም።»

እትዬ ሰሊማ ተምራቸውን ከአፋቸው መለሱት።

«ምን ነካሽ ልጄ? ሰው አንቺን ብሎ አይደል የሚመጣው? ሐዘንተኛዋ የት ሄደች ሲሉኝ ምን ልበል?»

«ታማለች በሏቸው።»

«እንዴት ብዬ እዋሻለሁ? በሐዘን ቀን!»

«ውሸት አይደለም።» እጇ ሳታዘው ደረቷ ላይ ሄደ፤ ቁልቁል ልታወርደው ብላ ተወችው። «ጡቴ ላይ እብጠት አለ። ነገ ቀጠሮዬ ነው።»

ይህን በአማርኛ እንኳ ጮክ ብላ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው።

«ማን ይናገርልሻል ታዲያ?» አሉ እትዬ ሰሊማ።

መልስም ሳይጠብቁ ከተምሩ ጥቂት በወረቀት ጠቀለሉና «ወረፋው ረጅም ነው፣ እንዳይርብሽ» ብለው አጠገቧ አስቀመጡላት።

በማግስቱ የክሊኒኩ ዘበኛ በር ላይ እጁን ዘርግቶ አንድ አንድ ሰው ያስገባል። ሙፊዳ ተራዋ ሲደርስ ገባችና በልማድ ከወንበሩ ኋላ ቆመች። ወንበሩ ባዶ ነው። ለጥቂት ጊዜ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ አየችው፤ ሪሐና የምትቀመጥበት ነበር። ከዚያ ዞራ ተቀመጠችበት።

«ኪፊክ?» አለ ሐኪሙ እየጻፈ፤ እንዴት ነሽ ማለቱ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ አፏ ለምዶባት ነው። ደህና ላልሆነም ሰው ምላሹ ያው ነው።

«መኒሕ፣ መኒሕ» አለ፤ ጥሩ፣ ጥሩ። ኮምፒውተሩ ላይ ነው ዓይኑ። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ትምጣ የሚል ነገር ማጉረምረም ጀመረ። እሷም ልትነሣ ነበር፤ ከወንበሩ ግማሽ ድረስ ተነሥታለች። ያን ጊዜ ከጭኗ ላይ ያልተነሣው የሪሐና ጣት ታያት።

ተመልሳ ተቀመጠችና ጠረጴዛውን በጣቷ ሁለቴ ቆረቆረችው።

ሐኪሙ ቀና አለ።

«ዶክቶር» አለች። እብጠት በዐረብኛ ምን እንደሚባል አታውቅም፤ ድንጋይ ግን ታውቃለች። ግራ እጇን ጡቷ ላይ አደረገች። «ፊ ሐጀር ሆን። እዚህ፣ ድንጋይ። ትልቅ ሆነ። ፎቶ፣ ዛሬ።» ድምፅዋ ኮሪደር ድረስ ይሰማል።

ሰውየው መነጽሩን አስተካከለና በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እሷን አያት። ነርሷን ጠራ። ነርሷ መጥታ መጋረጃውን እስክትስብ፣ ሐኪሙም ተነሥቶ ጓንቱን እስኪያጠልቅ ድረስ ሙፊዳ ጣቷን ከጠረጴዛው ላይ አላነሣችም።