የኦሬስቴ የግራ ጎን

በጣሊያኗ ሊቮርኖ ከተማ ኦሬስቴ ባንዲኒ ገብቶ ወንበር የማይለቀቅለት ቡና ቤት አልነበረም። ቦክስ ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ማንም አላሸነፈውም። ተጋጣሚ የሚመርጡለትም፣ ጋዜጠኛ የሚጠሩለትም ሥራ አስኪያጁ ሲኞር ፉልቪዮ ናቸው። ሽማግሌው አንድ ነገር አጥብቀው ይከለክሉታል፦ «ከጣልከው ሰው ጋር ወሬ አትጀምር። ታዝንለትና እጅህ ይሳሳል።»

አንድ ቀን ጠዋት ግን እህቱን ባቡር ጣቢያ ሸኝቶ ሲመለስ፣ በዋዜማው የዘረረውን ሩማንያዊ አገኘው። ኔኩላይ ይባላል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል። ኦሬስቴን ሲያይ ፈቀቅ አለለት።

«ተቀመጥ እንጂ» አለው በተሰባበረ ጣሊያንኛ፤ «ከመታኸኝ በኋላ ምን ያሳፍርሃል?»

ኦሬስቴ ሳቀና ተቀመጠ። «ጎበዝ ነህ። ግን የግራ ጎኔን ለምን አልሞከርክም? ክፍት ነበር እኮ።»

«ትከሻዬ ከተሰበረ ወዲህ ቀኝ እጄ ወደ ታች አይታዘዘኝም። ያንተ ሽማግሌ አገሬ ድረስ መጥተው ልምምዴን ቆመው ያዩት ለምን መሰለህ?» ኔኩላይ ፊቱን አየና ማኘኩን አቆመ። «አታውቅም እንዴ? እኛ ተጋጣሚዎችህ ዘንድ የማያውቅ የለም። የግራ ጎንህን የሚነካ ሰው አያመጡብህም።»

ኦሬስቴ በቀጥታ ወደ ጂሙ ሄደ። ፉልቪዮ የተቀደደ ጓንት ይሰፋሉ።

«እውነት ነው?» አላቸው፣ የሰማውን ነግሯቸው።

«ጎንህ ዱላ አይችልም፣ ልጄ። ገና ስትጀምር አይቼዋለሁ። ተሸነፍልኝ ያልኩት ሰው የለም፤ መርጬ አመጣሁልህ፣ አንተም አሸነፍክ። በደልኩህ?»

«የሚችለኝ ሰው ያምጡልኝ። እዚሁ፣ ማንም ሳያይ።»

ፉልቪዮ ብዙ ለመኑት፤ እምቢ አለ። በሳምንቱ ከጄኖቫ አንድ ጎልማሳ ቦክሰኛ መጣ። በሩ ተዘጋ። የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ ኦሬስቴ በግራ ጎኑ አንድ ቡጢ ቀመሰ። ተንበረከከ፤ ትንፋሹ አልመለስ አለው። ጎልማሳው ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀ። ፉልቪዮ ውኃ ይዘው ቆሙ።

ኦሬስቴ ቦክስ ተወ። ፉልቪዮ መተዉንም አሳመሩለት፤ ጋዜጣው «እጁን ቢያመው፣ ሳይሸነፍ ተሰናበተ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ትከሻውን መታ እያደረገ «አንተን የሚጥል አልተወለደም» ይለዋል። አንዴ ለፀጉር አስተካካዩ እውነቱን ሊነግረው ጀመረ። ሰውየው ሳቀ፤ «አይ ኦሬስቴ፣ ትሕትናህ!» አለው። ከዚያ በኋላ ለማንም አልሞከረም። ለእህቱም ቢሆን።

እሑድ እሑድ ኔኩላይ ጋ ይደውላል። ስለ ኔኩላይ ልጆች፣ ስለ ብርዱ ያወራሉ። አንድ እሑድ ኔኩላይ ወደ ስፔን ለግጥሚያ እንደሚሄድ ነገረው።

«ከማን ጋር?»

«ከአንድ ያልተሸነፈ ወጣት ጋር። የልጁ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ አይቶኝ ሄደ።»

«ልጁ ያውቃል?»

«እኔ እንጃ። እኔ ግን ሁለተኛ አልናገርም።»

ኦሬስቴም ያ የተሰበረ ትከሻው በብርድ ይብስበት እንደሆነ ጠየቀው።