ለፎቶ የተሰናዳው ቤት

«አልጋውን ወደ መስኮቱ ጎተት አድርጉልኝ፤ ዝናቡ ሳይመጣ!» አለ ያሬድ፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ።

ወይዘሮ አስናቀች በአንድ ጫፍ፣ ልጃቸው ኤልሳዕ በሌላው ጫፍ ይዘው ጎተቱ። ያሬድ ወላይታ ሶዶ ውስጥ በሠርግ ፎቶ የታወቀ ነው፤ የሚከራይ ቤት ሲያነሳ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ የሚያውቀውን አደረገ። ለሙሽሮች የሚያነጥፈውን ነጭ አልጋ ልብስ አምጥቶ የወይዘሮ አስናቀችን አልጋ አለበሰው፤ ትራሱ ላይም የፕላስቲክ ጽጌረዳ ጣል አደረገ። ሴትዮዋ ባላቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አልጋቸውን ሲያዩት ሳቃቸው መጣ።

«ልትድሩኝ ነው እንዴ?»

«እማዬ፣ ቀልዱን ተይና ከአልጋው ሥር ያለውን ማሰሮ አውጪ።»

«የጊፋታ ቅቤ ነው እኮ። ለዘመን መለወጫው ብዬ ከግንቦት ጀምሬ ያጠራቀምኩት።»

«ይሸታል።»

«ፎቶ ላይም ይሸታል?»

ያሬድ ሳቀ። ኤልሳዕ ግን አልሳቀም፤ ማሰሮውን ራሱ ይዞ ጓሮ ወዳለው ሰርቪስ ቤት ሄደ።

ትናንት ነበር ከአዲስ አበባ የመጣው። ቤቱን ኢንተርኔት ላይ አውጥቶ በቀን ለእንግዳ ሊያከራይ አስቧል። ወይዘሮ አስናቀች አልተቃወሙም። ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጣ እንግዳ ሁለት ሦስት ቀን ቢያርፍበት ምን ይጎዳል? እንግዳ ባለበት ቀን እሳቸው ሰርቪስ ቤት ያድራሉ። ደግሞስ ልጅ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ የትኛዋ እናት እምቢ ትላለች?

ሳሎን ሲገቡ ያሬድ ግድግዳውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። የኤልሳዕና የእህቱ የሶፊ የምርቃት ፎቶ፣ የሶፊ ሠርግ፣ ሟቹ አባታቸው በመምህርነት የተሸለሙት ወረቀት፣ ሁሉም በመስታወት ተደርድሯል።

«እማማ፣ እነዚህ ይውረዱ። እንግዳው የሰው ቤት የገባ እንዳይመስለው።»

«ታዲያ የማን ቤት ሊገባ ነው?»

«የራሱ እንዲመስለው ብዬ ነው» አለ ያሬድ አፍሮ።

ልጆችን ከግድግዳ ማውረድ ለእናት ደስ የሚል ሥራ አይደለም። አወረዱ እንጂ። አንድ በአንድ ጠርገው ሶፋው ጀርባ ደረደሯቸው።

ከሰዓት በኋላ ኤልሳዕ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ ፎቶዎቹን መጫን ጀመረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚከራየው?» ሲል ያሬድ እንደ ዋዛ ጠየቀ።

«ከመስከረም አሥራ ሦስት እስከ ሃያ። ለጊፋታ ሶዶ ውስጥ አልጋ አይገኝም፤ በሦስት እጥፍ ይሄዳል።»

መጋረጃ ያስተካክሉ የነበሩት ወይዘሮ አስናቀች እጃቸው ባለበት ቀረ።

«የጊፋታን ሳምንት? እናንተስ የት ልታርፉ ነው?»

ኤልሳዕ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አልነቀለም። «እኔ ሥራ አለብኝ። ሶፊም ዘንድሮ ከሐዋሳ አትመጣም። ተነጋግረናል።»

«ተነጋግራችኋል።»

«ገንዘቡ ለአንቺ ነው እኮ እማዬ! ለመድኃኒትሽ፣ ለጣሪያው።»

በጊፋታ የተበተነ ይሰበሰባል፣ የተጣላ ይታረቃል፤ ከታመመና ከታሰረ በቀር ከእናቱ ቤት የሚቀር የለም። ዓመቱን ሙሉ ብቻቸውን የሚኖሩት ያን ሳምንት እየጠበቁ ነው። እነሱ ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ ያን ሳምንት መርጠው ሸጡባቸው። ከጠዋት ጀምሮ ወገባቸው እስኪቆረጥ የጎተቱትም ለዚሁ ኖሯል።

«እኔስ?» አሉ።

«ሰርቪስ ቤት ነሻ። ቁልፍ ታስረክቢያለሽ፣ ጠዋት ቁርስ ትሠሪላቸዋለሽ። እንግዳ የምትቀበል እናት አለች ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሰው ይወድዳል።»

«እናት ብለህ ጻፍክ?»

ያሬድ የካሜራውን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። የተጠቀለለውን ፈትቶ እንደገና ጠቀለለው።

ወይዘሮ አስናቀች ስልካቸውን አንስተው ሁምቦ የምትኖረው ታናሽ እህታቸው ጋ ደወሉ። በወላይትኛ፣ ልጃቸው እየሰማ ተናገሩ።

«አገርነሽ፣ ጊፋታን እናንተ ጋ ነኝ። መኝታ አላጣም አይደል?»

ከወዲያ የአገርነሽ እልልታ ተሰማ። «ምነው ልጆቹ?» ብላ ስትጠይቅ ግን ስልኩን ዘጉት።

ኤልሳዕ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ሁምቦ? እማዬ፣ ታዲያ እንግዶቹን ማን ይቀበላል?»

«አንተ።»

«ሥራ አለብኝ አልኩሽ እኮ!»

«እናት ያልከውን ሰርዘህ ስምህን ጻፍበት።» የቤቱን ቁልፍ ከመቀነታቸው ፈትተው ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጡለት። «ቁርሳቸውንም አንተው ሥራላቸው።»