ከመሬት በታች የለመደ ሰው

ቬሊ ማህላንጉ መሰላል መውጣት እንዳቃተው ለሚስቱ ለጋቢሲሌ የነገረቻት ጎረቤቷ ማ ስኮሳና ናት። ልብስ እያሰጣች፣ መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደያዘች ነገረቻት።

«ስሚ የኖሲፎ እናት፣ ባልሽ ትናንት ሥልጠናው ላይ ያደረገውን ሰማሽ? ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ወርዶ ጉልበቴን አመመኝ አለ አሉ።»

«ጉልበቱን ያመዋል እኮ።»

«ከመቼ ወዲህ? በገና ያን ሁሉ ሲጨፍር ጉልበቱ የማን ነበር?»

ጋቢሲሌ አልሳቀችም። አጥሩን ያዘች።

የኃይል ማመንጫው ከቆመ ወዲህ ለእሱ ከሰል ይወጣበት የነበረው የማዕድን ጉድጓድም ተዘግቷል። ማንም ሜዳ ላይ አይወድቅም ተብሎ ነበር፤ ቆፋሪ የነበረ ሁሉ ሶላር መግጠም ተምሮ አዲስ ሥራ ይይዛል፤ ሥራ የያዘም ከሚኖርበት የኩባንያው ቤት አይወጣም። ፈተናው ሰኞ ነው። በፈተናው ለወደቀ ግን ምንም አልተባለም። ቬሊ ከወደቀ የሚጠብቀው ሩቁ የሌፋላሌ ከተማ ነው። እዚያ ገና ከሰል ይወጣል፤ ወንድሙም ቦታ አግኝቶለታል። ሄደ ማለት ለፋሲካና ለገና ብቻ የሚመጣ አባት ሆነ ማለት ነው።

ጋቢሲሌ እንዲህ ያለ አባት ምን እንደሆነ ታውቃለች። የእሷም አባት በዓመት አንዴ ነበር የሚመጣው። አንድ ዓመት በር ሲያንኳኳ ከፍታለት «እናቴ የለችም» ብላ መልሳ ዘግታበታለች። አላወቀችውም ነበር። ኖሲፎ ስድስት ዓመቷ ነው።

ማታ ገንፎና ጎመን አቅርባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ጉልበትህ ነው ወይስ ሌላ?»

«ጉልበቴ ነው አልኩሽ።»

«ቬሊ።»

ገንፎውን በጣቱ ጠቅልሎ ሳይጎርሰው መልሶ አስቀመጠው። «ወደ ታች ስመለከት እጄ አይታዘዘኝም። አሁን ረካሽ?»

«እንለማመዳለን» አለች። መፍትሔ ያገኘች መሰላት። ልጅ ብስክሌት እንደሚማረው፣ እሱም ቅዳሜን ሙሉ በቤታቸው ጣሪያ ላይ ቢወጣና ቢወርድ ይለምደዋል ብላ አሰበች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መሰላል ተውሳ ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ሥሩን በሁለት እጇ ይዛ «አንተ ብቻ ወደ ላይ ተመልከት» አለችው። ቬሊም እሷን ላለማሳፈር ዓይኑን ከቆርቆሮው ሳይነቅል ወጣ። ጣሪያው ላይ ሲደርስ በደስታ ልታጨበጭብ ነበር። እሱ ግን በደረቱ ተለጥፎ ቀረ። አይወጣም፣ አይወርድም።

ሰው ተሰበሰበ። ሥራ የሌለው ሰፈር ለእንዲህ ያለው ነገር ጊዜ አያጣም።

«ቬሊ! ተሳስተሃል፣ እዚያ ከሰል የለም!» አለ የድሮ የፈረቃ ጓደኛው ሴሎ።

«ምሳውን በገመድ እንላክለት?»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ!»

«ዝም በሉ እናንተ!» ብላ ማ ስኮሳና ጮኸችባቸው። «ሰኞ የማን ሱሪ እንደሚንቀጠቀጥ እናያለን።»

ጋቢሲሌ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ቋጠረችና ወጣች። እንደምትፈራ ገምታ ነበር፤ አልፈራችም። አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ ላይ ሆና መጨስ ያቆሙትን የማመንጫውን ማማዎች፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ መጋረጃቸው ወርዶ ባዶ የቀሩ ቤቶችን አየች። ብዙ ናቸው። ከታች ሲታዩ ይህን ያህል አይመስሉም ነበር።

«እንዲህ አድርጌ የምሰቅልህ ጠላትህ ነኝ እንዴ?» አለች። እጁን ስትይዘው ቀዝቅዟል።

«ታች ማዕድኑ ውስጥ እኮ ጣሪያ አለ» አለ ጉንጩ ቆርቆሮው ላይ እንዳለ። «በብረት ትመቺዋለሽ። ደህና ከሆነ ይጮሃል፤ ከላላ ድምፁ ይታፈናል፤ ያኔ ትሸሻለሽ። እዚህ ምኑን ልምታው? ሰማዩን?»

እሱ መሬት ውስጥ በዋለባቸው ዓመታት ሁሉ የማዕድኑ ሳይረን በጮኸ ቁጥር ልቧ ቀጥ ይል ነበር። ለእሱ ግን ያ ጉድጓድ ቤቱ ነበር።

አውርዳ ያሳረፈችው እሷ ናት። ቀድማው እየወረደች እያንዳንዱን እግሩን በእጇ ይዛ መርገጫው ላይ አስቀመጠችለት። መሬት ሲነካ ሴሎ እንኳ አልቀለደም።

ሰኞ አብራው ሄደች። አሰልጣኟ ረፊሎዌ የምትባል ወጣት ናት፤ በሥልጠናው ግቢ ውስጥ ለመለማመጃ የተሠራ ጣሪያ አለ። የቬሊ ስም ሲጠራ ከሰልፉ ወጥቶ በጓደኞቹ ፊት፣ «እኔ ከፍታ እፈራለሁ» አለ። «ሚስቴ አትፈራም፤ ቅዳሜ ሰፈሩ ሁሉ አይቷታል። ቦታዬን ለእሷ ስጧት።»

ረፊሎዌ የስም ዝርዝሯን ገልጣ አየች።

«ባባ፣ ቦታው ከማዕድኑ ለተሰናበተ ሠራተኛ ብቻ ነው» አለች ረፊሎዌ።

«ልጄ፣ ማዕድኑ ሲዘጋ እኔም አብሬ ተዘግቻለሁ እኮ» አለች ጋቢሲሌ። «ምሳውን የቋጠርኩት እኔ፣ ጥቁር ውሃ እስኪጠራ ልብሱን ያጠብኩት እኔ፣ አቧራውን የዋጥኩት እኔ። እኔን የሚቆጥረኝ ማን ነው?»

«አውቃለሁ እማማ። የእኔም እናት እንዳንቺው ናት። ደንቡን ግን እኔ አላወጣሁትም።»

ቬሊ የደህንነት ቀበቶውን አንስቶ ወገቡ ላይ አሰረና መውጣት ጀመረ። ማንም አላዘዘውም። ጋቢሲሌን እንኳ አላያትም።

ወጣ። ጠርዙ ላይ ደረሰ። የቀረው አንድ እጁን ለቆ ገመዱን ከቀለበቱ ማያያዝ ነው። እጁ ግን አልለቀቀም፤ ዓይኑን ጨፍኗል፤ መሰላሉ ከእሱ ጋር ይንቀጠቀጣል። ጋቢሲሌ ቆማ በልቧ ለቀቅ አድርገው፣ ለቀቅ አድርገው ትላለች። አንድ ጊዜ ቢለቀው ቤቱ ይተርፋል፣ ኖሲፎም አባቷን ማታ ማታ ታየዋለች። ከዚያ ደግሞ ነገ አለ፣ ከነገ ወዲያ አለ። በየቀኑ እንዲህ ዓይኑን ጨፍኖ የሰው ጣሪያ ላይ ይሰቀላል፤ እሷም ቤት ተቀምጣ ወደቀ እስኪሏት ትጠብቃለች። በዚህም ብትሄድ፣ በዚያም ብትሄድ ታጣዋለች። ሴሎ ከኋላዋ «አይዞህ ወንድሜ፣ በርታ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«ውረድ!» አለች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ቬሊ፣ በቃ። ና ውረድ።»

ረፊሎዌ እጇን ይዛ፣ «እማማ፣ ከወረደ ማለፍ አይችልም» አለቻት በሹክሹክታ።

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ።»

ቀስ ብሎ ወረደ። ቀበቶውን ፈትቶ ለረፊሎዌ ሰጣት፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ተቀበለችው። ሰልፉ መንገድ ከፍቶ አሳለፋቸው።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ቬሊ ቆመ።

«ተቆጣሽ?» አላት።

«የሌፋላሌ አውቶቡስ ከየት ነው የሚነሳው?» አለችው።